ጸጋዬን በምን ልወቀው? ከኮዬ ፈጬ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ከመሀል ከተማ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ በአቅራቢያችን ባለች አዲስ የወንጌላውያን አጥቢያ እየተገለገልን ነው። መሪዎቻችን እያንዳንዱ ምእመን ጸጋውን ለይቶ ማገልገል እንዳለበት አጥብቀው ያስተምራሉ። የጸጋ መለያ መጠይቅ ሞልቼ ‹ማስተማር› የሚል ውጤት ስለወጣልኝ የሕፃናት ክፍል ተሰጠኝ፤ ነገር ግን ቅዳሜ ማታ በመጣ ቁጥር ጭንቅ ይይዘኛል። በእንግድነት የመጣ አንድ አገልጋይ ደግሞ በጉባኤ መካከል አስነሥቶኝ ‹ወንጌላዊት ትሆኛለሽ፤ ሥራሽን ትተሽ ትወጪያለሽ› ብሎ ተንብዮልኛል። በሳምንት አራት ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለምመላለስ ባለቤቴ ቅር ብሎታል። ሠራሁ የምለው ነገር ቢኖር፣ ባለፈው ክረምት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጎረቤታችን ስትወልድ ዘመድ ስላልነበራት የብሎኩን ሴቶች አስተባብሬ፣ የተራውን ዝርዝር ጽፌ ደረጃው መግቢያ ላይ ለጥፌ፣ እስክትጠና ድረስ አርሰናታል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለችም፤ ነገሩም ጉርብትና እንጂ አገልግሎት አይባልም። ጸጋዬን በምን ልወቀው? የትስ ላገልግል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። የጻፉልን ጉዳይ ስለ ጸጋ፣ ስለ ትንቢትና ስለ ትዳር የሚነሡ ጥያቄዎችን አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ እያንዳንዱን በየተራው ለመመለስ እሞክራለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን እርስዎ «ጉርብትና እንጂ አገልግሎት አይባልም» ብለው ያለፉት የአራሷ ነገር ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ይህንን ትምህርት በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ሳስተምርና በከተማው ዳርቻ ያሉ አዳዲስ አጥቢያዎችን ስጎበኝ እንደታዘብኩት፣ ጸጋቸውን ፍለጋ የሚጨነቁ ምእመናን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉትን ነገር ይዘውት ይገኛሉ፤ መድረክ ላይ የማይታይ በመሆኑ ብቻ ከቁጥር አያስገቡትም።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጸጋ ስጦታዎች ሲናገር አጥብቆ የሚያነሣው ስጦታው ለማን ጥቅም እንደተሰጠ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥7 የመንፈስ ቅዱስ መገለጥ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ለጥቅም እንደሆነ ይጽፋል፤ ጥቅሙም የማኅበሩ መሆኑን በምዕራፍ 14 በስፋት ያስረዳል። ሐዋርያው ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ 4፥10 እያንዳንዱ በተቀበለው ስጦታ ሌላውን እንዲያገለግል ሲያዝ፣ ስጦታው ለሌላው እንድናደርስ በአደራ የተሰጠን መሆኑን ያሳያል። የቆሮንቶስ ምእመናን ይህን ትምህርት የሰሙት በመልካም ጊዜ አልነበረም። ጳውሎስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ55 ዓ.ም. ገደማ ከኤፌሶን ሆኖ ሲጽፍላቸው አንድም የጸጋ ስጦታ ያልጎደላቸው ሰዎች ነበሩ (1፥7)፤ ይሁን እንጂ በየመምህሩ ስም ተከፋፍለው ነበር፣ በጌታ እራት ላይ እንኳ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር (11፥21)። ስለዚህ ሐዋርያው የስጦታቸው ብዛት አላስደነቀውም፤ የመረመረው በጉባኤው የተቀመጠው ምእመን፣ ከውጭ የገባው እንግዳም ጭምር፣ ከሚነገረውና ከሚደረገው ታንጾ መሄድ አለመሄዱን ነው።

ለእርስዎ ጥያቄ መሠረት የማደርገው ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው። የአንድ ሰው ጸጋ ዋነኛ ምስክሮች በዚያ ጸጋ የተጠቀሙት ሰዎች ናቸው። ስለ ራሳችን የሚሰማን ስሜት፣ የሞላነው መጠይቅ፣ የተመደብንበት ክፍልና ሰዎች የሰጡን ስም ሁሉ ከዚህ ምስክርነት በኋላ የሚመጡ ናቸው። በሐዋርያት ሥራ 9 የምናገኛት ጣቢታ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። በኢዮጴ አርፋ ጴጥሮስ በተጠራ ጊዜ መበለቶቹ በዙሪያው ቆመው እያለቀሱ፣ ከእነርሱ ጋር ሳለች ያደረገችላቸውን ቀሚስና ልብስ ያሳዩት ነበር። ሉቃስ ጣቢታ መልካም ነገር የሞላባት ደቀ መዝሙር እንደነበረች ይነግረናል እንጂ ሹመት ወይም ማዕርግ አይጠቅስላትም፤ ስለ አገልግሎቷ የመሰከሩት ልብሱን የለበሱት ሰዎች ናቸው። ጣቢታ ራሷ «ጸጋሽ ምንድን ነው?» ተብላ ብትጠየቅ ምን ትመልስ እንደነበር አናውቅም፤ መበለቶቹ ግን በሚገባ ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ መጠይቁ ልምጣ። እንዲህ ያሉ መጠይቆች በአብዛኛው ከውጭ ቋንቋ ተተርጉመው የመጡ ሲሆኑ፣ ፈጽሞ አይጠቅሙም ብዬ አልናገርም፤ ሰው ስለ ራሱ እንዲያስብ መነሻ ይሆናሉና። ችግሩ ከሚችሉት በላይ ስንጠይቃቸው ነው። መጠይቁ የሚለካው የምንወደውንና ቀደም ሲል የሞከርነውን ነገር ነው፤ ስለሆነም ዕድሉን አግኝቶ የማያውቅ ሰው ያለውን ጸጋ ሊያሳይ አይችልም፣ ማንበብና ማስረዳት የሚወድን ሰው ደግሞ ሁልጊዜ መምህር ያደርገዋል። ከዚህም በላይ፣ ብዙዎቹ መጠይቆች የአዲስ ኪዳንን ዝርዝሮች እንደ ተዘጋ መዝገብ ይቆጥሯቸዋል። ዝርዝሮቹ ግን እንደዚያ ሆነው አልተጻፉም። በሮሜ 12፥6-8 ሰባት፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥8-10 ዘጠኝ፣ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 28 ስምንት ተዘርዝረው እናገኛለን፤ ኤፌሶን 4፥11 ስለ ሐዋርያት፣ ነቢያት፣ ወንጌላውያን፣ እረኞችና አስተማሪዎች ይናገራል፤ ጴጥሮስ ደግሞ ሁሉንም መናገርና ማገልገል በሚሉ ሁለት ወገኖች ይጠቀልላቸዋል። አንዱ ዝርዝር ከሌላው ጋር የማይገጥመው ሐዋርያት እያንዳንዱን ማኅበር በነበረበት ሁኔታ እያዩ ስለጻፉ ነው ብዬ አምናለሁ። በዘጸአት 31 ባስልኤል የመገናኛውን ድንኳን የወርቅ፣ የብር፣ የናስ፣ የድንጋይና የእንጨት ሥራ እንዲሠራ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደሞላበት ተጽፏል፤ ይሁንና የእጅ ጥበብ ከላይ በጠቀስኳቸው ዝርዝሮች ውስጥ የለም።

በዝርዝሮቹ ውስጥ ግን ከእርስዎ ታሪክ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ፣ ስብከት በብዛት የማይሰበክባቸው ስጦታዎች አሉ። 1ኛ ቆሮንቶስ 12፥28 ከተአምራትና ከፈውስ ቀጥሎ፣ ከልሳኖችም በፊት፣ እርዳታንና አገዛዝን (ሥራን የመምራትና የማስተባበር ስጦታን) ያስቀምጣል፤ ሮሜ 12፥8 ደግሞ የሚገዛ በትጋት፣ የሚምር በደስታ እንዲያደርገው ያሳስባል። እነዚህ ቃላት በምን መልክ ሥጋ እንደሚለብሱ ለማየት የእርስዎን ደረጃ መግቢያ ማየት ይበቃል። ገና ዕድር እንኳ በቅጡ ባልተቋቋመበት፣ ሰው የጎረቤቱን ስም በወጉ ሳያውቅ በሚኖርበት አዲስ ሰፈር፣ ሰኞ ገንፎ የምታገነፋው ማን እንደሆነች፣ ማክሰኞ አጥሚቱን የምታፈላውና የሕፃኑን ጨርቅ የምታጥበው ማን እንደሆነች፣ ውሃ በፈረቃ ስትመጣ ጀሪካኑን አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን እንደምታወጣው፣ ሌሊት አራሷ ብታተኩስ የማን በር እንደሚንኳኳ በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያም የሚበልጠው ወረቀቱ ላይ ስማቸው የተጻፈው ሴቶች በየተራቸው መምጣታቸው ነው። ሰው በእርስዎ ጥሪ የሚነሣ፣ በእርስዎ አደረጃጀት የማይቀያየም፣ ሳይሰለችም እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ከሆነ፣ ያንን የሚያደርግ ስጦታ በእርስዎ ዘንድ እንዳለ መጠርጠር ተገቢ ነው። ርኅራኄ ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ርኅራኄያቸው ሌሎችን አስተባብሮ ለአንድ ወር ያህል ሥርዓት ይዞ እንዲሄድ የሚያደርጉ ግን ጥቂቶች ናቸው።

ይህ ሥራ ከመንፈሳዊው ያነሰ ነው የሚል አስተሳሰብ ካለብዎ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ቀስ ብለው እንዲያነቡት እመክራለሁ። በኢየሩሳሌም የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች የዕለት ምግብ ሲታደል ችላ በመባላቸው ጉርምርምታ በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት ለማዕዱ አገልግሎት እንዲመረጡ የጠየቁት በመልካም የተመሰከረላቸውን፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰዎች ነበር። ምግብ በእኩል ለማደል መንፈስ ቅዱስ የሞላበት ሰው መጠየቁን ብዙ ሰባኪዎች በፍጥነት ያልፉታል። ውጤቱን ሉቃስ በቁጥር 7 ሲነግረን የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ እንደሄደ፣ የደቀ መዛሙርትም ቁጥር በኢየሩሳሌም እጅግ እንደበዛ ይናገራል። የማዕዱ ሥርዓት መያዝ ለቃሉ መስፋት መንገድ ጠረገ።

የአገራችን የወንጌላውያን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። የውጭ ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። በዚያ ዘመን በሰሚናሪ የተማረ ሰባኪ አልነበረም። አማኞቹ የሰሙትን በየገበያውና በየመንደሩ ይናገሩ ነበር፣ ለታሰሩት ስንቅ ያመላልሱ ነበር። በደርግ ዘመንም ብዙ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት በተዘጉበት ጊዜ፣ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ እምነቱን ያሻገሩት በየመኖሪያ ቤቱ የሚሰበሰቡ ትንንሽ ኅብረቶች ናቸው። ያን ጊዜ ስለ ነበሩት ሰባኪዎችና ዘማሪዎች ብዙ ተነግሯል፤ ቤታቸውን የከፈቱት፣ የማያውቁት ሰው ድንገት ቢመጣ ለቡና የተሰበሰቡ እንዲመስሉ ስኒ ደርድረው ቡና ያቀረቡት፣ ውጭ ቆመው ደጁን የጠበቁት ሰዎች ግን በጽሑፍ እምብዛም አይገኙም። ያለ እነርሱ ኅብረቱ አይሰበሰብም ነበር። እኔ በግሌ በዚህ ጉዳይ ላይ ዛሬም ቢሆን በቂ ምስክርነት እንዳልሰጠን ስለሚሰማኝ ነው እንዲህ ረዘም አድርጌ የጻፍኩት።

ጎረቤትዎ የእናንተ አጥቢያ አባል አለመሆኗ ነገሩን ከአገልግሎትነት ያወጣዋል ወይ የሚለው ከጥያቄዎ ጀርባ ያለ ይመስለኛል። ገላትያ 6፥10 ለሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች መልካም እንድናደርግ ሲያዝ «ለሰው ሁሉ» የሚለውን አስቀድሞ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አደራ እልዎታለሁ። አራሷን የረዷት እርዳታ ስለሚያስፈልጋት ነውና፣ ገንፎውን በሌላ ቀን ለግብዣ ወረቀት መግቢያ እንዳያደርጉት። ስለ እምነትዎ ራሷ ብትጠይቅ በደስታና በግልጽ ይመልሱላት፤ ሳትጠይቅ ግን ውለታ እንደተዋለባት እንዲሰማት ማድረግ ጸጋውን ወደ ንግድ ይለውጠዋል። የራሷ ቤተ ክርስቲያን፣ የራሷም ንስሐ አባት ካሏት ያንን አክብረው መርዳትዎን መቀጠል ይችላሉ።

ስለ ሕፃናቱ ክፍል ደግሞ ወዲያው «ጸጋዎ አይደለምና ይተዉት» ብዬ አልመክርም። ጭንቅ ሁሉ ጸጋ የሌለ መሆኑን አያሳይም። በአዳዲስ አጥቢያዎች እንደማየው፣ በቆርቆሮ አዳራሹ ጥግ ወይም በመጋረጃ በተከፈለ ቦታ ከሦስት ዓመት ሕፃን እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንድ ላይ ተሰብስቦ፣ የማስተማሪያ መጽሐፍ ሳይኖር፣ አንዲት ሴት ብቻዋን እንድታስተምር ይደረጋል። በዚህ ሁኔታ ታላቅ የማስተማር ጸጋ ያለው ሰውም ይጨነቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለብዎ ጭንቁ ከዝግጅት ማነስና ከብቸኝነት የመጣ ነው ወይስ ከማስተማሩ ከራሱ የሚለው ነው። ዕድሜያቸውን ከፍለው፣ አንድ ረዳት አግኝተው፣ ትምህርቱን ከሐሙስ ጀምረው ሲዘጋጁ ጭንቁ ከቀለለልዎ ነገሩ የሥልጠና ጉዳይ ነበር ማለት ነው። አጵሎስ ንግግር አዋቂና በመጻሕፍት እውቀት የበረታ ሰው ሆኖ ሳለ አቂላና ጵርስቅላ ወደ ቤታቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ይበልጥ በትክክል እንደገለጡለት በሐዋርያት ሥራ 18፥26 እናነባለን፤ ጸጋም ይሠለጥናል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ልጆቹ የነገሯቸውን ለእናቶቻቸው መልሰው የማይናገሩ፣ እርስዎም ከክፍሉ ሲወጡ ባዶ ሆነው የሚወጡ ከሆነ ግን፣ የተመደቡበት ክፍት ቦታ ስለነበረ እንጂ የእርስዎ ስፍራ ስለሆነ እንዳልሆነ ለመሪዎችዎ በግልጽ መንገር ይገባዎታል። ያዕቆብ 3፥1 ብዙዎች አስተማሪዎች እንዳይሆኑ፣ አስተማሪዎች የባሰውን ፍርድ እንደሚቀበሉ ያስጠነቅቃልና፣ ቦታ ለመሙላት ብቻ መምህር መሆን ለልጆቹም ለእርስዎም መልካም አይደለም።

ይህን ስል ግን «ጸጋዬ አይደለም» የሚለው አነጋገር በየቤተ ክርስቲያኑ ያመጣውን ጉዳት አልዘነጋሁም። አዳራሽ መጥረግ፣ ወንበር መደርደር፣ የታመመ መጠየቅ፣ ስለ ጌታ ለሚጠይቅ ሰው መመስከር፣ ካለን ላይ ማካፈል ለሁሉም የታዘዙ ስለሆኑ ማንም ሰው ስጦታውን እስኪለይ ድረስ ሊዘገይባቸው አይችልም። ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥5 ጢሞቴዎስን የወንጌል ሰባኪነትን ሥራ እንዲያደርግ ሲያዘው፣ ይህ ስጦታ አለህ ወይስ የለህም ብሎ አልመረመረውም። ጸጋን መለየት የሚጠቅመው ጊዜያችንንና ጉልበታችንን በብዛት የት ላይ እንደምናውል ለመወሰን ነው፤ ከጋራው ግዴታ ለመውጣት ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደ ትንቢቱ እንምጣ። ትንቢትን መናቅ አይገባም፤ 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20-21 ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ ወዲያው ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙንም ያዙ ይላል። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29 ደግሞ ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው እንዲናገሩ፣ ሌሎችም እንዲለዩ ያዛል። እንግዲህ የተነገረልዎት ቃል ገና መለየትን የሚጠብቅ ቃል ነው፣ እርስዎም ለመታዘዝ መቸኮል የለብዎትም። በርናባስና ሳውል በሐዋርያት ሥራ 13 ለሥራ ሲለዩ መንፈስ ቅዱስ የተናገረው በአንጾኪያ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ባስተማሩባት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር፤ ጾመውና ጸልየው እጃቸውን የጫኑባቸውም የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ። እርስዎን ያስነሣው አገልጋይ እንግዳ ነው፤ ኑሮዎን፣ ትዳርዎን፣ የእስከ አሁኑን አገልግሎትዎን አያውቅም። ቃሉ ከእግዚአብሔር ከሆነ ሽማግሌዎችዎ ሲመረምሩት አይጠፋም፣ ጊዜ ቢወስድም አይበላሽም። ስለዚህ ሥራዎን በዚህ ምክንያት አይልቀቁ። የተነገረውን ከነቀኑ ጽፈው ለሽማግሌዎችዎ ያስረክቡ፣ ከእነርሱም ጋር ይጸልዩ። ከዚያ ቃል ጋር ተያይዞ «የዘር» ወይም «የማጽኛ» ገንዘብ የሚጠይቅዎት ሰው ቢኖር ግን ከዚያ በኋላ የሚመረመር ነገር አይኖርም፤ ጴጥሮስ በሐዋርያት ሥራ 8፥20 የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊያገኝ ያሰበውን ሲሞንን የገሠጸበት ቃል ስጦታውን በገንዘብ ለሚሸጠውም ይሆናል።

ስለ ባለቤትዎ የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢሆንም እኔ ግን ቀላል አድርጌ አላየውም። ከኮዬ ፈጬ ወደ መሀል ከተማ ለሥራ የሚመላለስ ቤተሰብ ማለዳ የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ ደግሞ የመመለሻ ሰልፍ ይዞት አብሮ የሚቀመጥበት ሰዓት ጥቂት ነው። ከዚያ ላይ አራት ምሽት ከተወሰደ ቅር መሰኘቱ የእምነት ማነስ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ከላይ የጸጋ ምስክሮች በጸጋው የተጠቀሙት ናቸው ብያለሁ፤ በአገልግሎታችን የተጎዱትም ምስክሮች ናቸው፣ ቃላቸውም መሰማት አለበት። ጵርስቅላን መጽሐፍ ቅዱስ ሁልጊዜ ከባልዋ ከአቂላ ጋር ነው የሚያነሣት፤ ቤታቸውም ማኅበር የሚሰበሰብበት ቤት ነበር (1ኛ ቆሮንቶስ 16፥19)። አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ ከአራቱ ቀናት የትኛው የግድ እንደሆነ፣ የትኛው ልማድ እንደሆነ ተነጋገሩ። ከልምዴ ስናገር፣ እንዲህ ያለ ንግግር ሲደረግ ሁለቱ ቀናት የሚቀሩበት ምክንያት ይገኛል። ከዚያም ባለቤትዎን «አራሷን ስንረዳ ምን አይተህብኝ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። በቤት ያለ ሰው በጉባኤ የማይታየውን ያያልና፣ መልሱ ከመጠይቁ ውጤት ይልቅ ሊያስተምርዎ ይችላል።

በተግባር ምን ያድርጉ? የሕፃናቱን ክፍል በድንገት አይልቀቁ፤ የተያዘው የትምህርት ወቅት እስኪያልቅ ድረስ ይቀጥሉ፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ የሚተካዎትን ሰው ከመሪዎች ጋር ፈልገው አብረው ያስተምሩ። ከዚሁ ጎን ለጎን ለዲያቆናት አገልግሎት ክፍል አንድ ገጽ ያልበለጠ ሐሳብ ይጻፉ፤ በአካባቢያችሁ ባሉት ብሎኮች አራስ፣ ታማሚና ሐዘንተኛ ሲኖር የሚጠራ፣ በተራ የሚሠራ ትንሽ ቡድን እንዲኖር ይጠይቁ። ዮቶር በዘጸአት 18 ሙሴን የመከረው ሸክሙን በሺህ፣ በመቶ፣ በአምሳና በአሥር አለቆች እንዲያካፍል ስለሆነ፣ እርስዎም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዝርዝሩን የምትይዝ ሁለተኛ ሴት ይምረጡ፤ ያለ እርስዎ አንድ ተራ እንኳ የማይዞር ከሆነ ቡድኑ ገና አልቆመም። ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ በደረሰኝ ይሁን፣ በእርስዎ እጅም አይቀመጥ። በሳምንት ከአንድ ምሽት በላይ እንዳይወስድ አስቀድመው ለባለቤትዎም ለመሪዎችዎም ቃል ይግቡ።

መሪዎችዎ ይህን ምላሽ የሚያነቡ ከሆነም አንድ ነገር ልለምናቸው እፈልጋለሁ። ኤፌሶን 4፥12 መሪዎች የተሰጡት ቅዱሳን ለአገልግሎት ሥራ እንዲዘጋጁ ነው ይላል። የጸጋ መጠይቅ ከማደል በፊት በየብሎኩ ሄዳችሁ ምእመናኑ ማንም ሳይመድባቸው ምን እየሠሩ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ሥራ የሚያሳድግ ሥልጠና ስጧቸው።

ስድስት ወር ካገለገሉ በኋላ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆነው ከተረዱት ቤቶች ሁለት ሦስቱን ይጎብኙ። ምን እንደጠቀማቸው ብቻ ሳይሆን ምን እንዳስቸገራቸውም፣ ያልተጠሩ ሰዎች ገብተውባቸው እንደሆነ፣ ጉዳያቸው በሌላ ሰው አፍ ተወርቶ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ጥያቄውን ሽማግሌው ያቅርብ፣ እርስዎ ዝም ብለው ያዳምጡ። የሚመልሱት ነገር ቡድኑን የሚያጸና ከሆነ፣ ሽማግሌዎቹ በጉባኤ ፊት እጃቸውን ጭነው በዚህ አገልግሎት እንዲሾሙዎት መጠየቅ ያን ጊዜ ተገቢ ይሆናል።